አርባ አንድ ካሬ ኪሎሜትር

ሙስካት፣ ጁላይ 9 ቀን 1988

«ጁን 14 ቀን የባሕሩ በር ያለጊዜው ተቆርጦ ስልሳ ሦስት ቤተሰብ የዘራውን የሩዝ ቡቃያ ጨው በላው። ለመቆረጡ ምክንያት የሆነው ከሙስካት የተላከው የአቶ ኢፔን ታዳትል ደብዳቤ ነው።»

ይህን ጽፈህ ከሥሩ የፈረምከው አንተ ነህ፣ ፑኑስ። የእርሻ ኮሚቴው ጸሐፊ እንደመሆንህ ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጅህ ገልብጠህ ልከህልኛል። ከሰላምታ በፊት በዚህ መጀመሬን እንደ ብልግና አትቁጠርብኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ይህ ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ሰላምታዬ ይኸው፦ አንተንም፣ ባለቤትህን አሌያማንም፣ ልጆቹንም የአባቶቻችን አምላክ ከክረምቱ ትኩሳት ይሰውራችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

አሁን ወደ ነገሩ። ባለፈው ዓመት የወንዙን አፍ ከባሕሩ የሚዘጋው አሸዋ ዘግይቶ ተቆረጠና ወንዙ ወደ ኋላ ሞልቶ አርባ ቤት ውስጥ ውሃ ገባ። ያኔ «ታላቅ ወንድሜ አቻየን፣ የኩኒያርን ወንዝ ተፋሰስ ከምንጩ እስከ ባሕሩ በእግርዎ የለኩ እርስዎ ነዎት፤ በሩን መቼ እንደምንቆርጥ ይንገሩን» ብለህ የጻፍክልኝ አንተ አይደለህም? ቅድመ አያቶቻችን ወንድማማቾች ስለነበሩ እንጂ እኔ የኮሚቴያችሁ ተቀጣሪ አይደለሁም። ሁለት ገጽ ጻፍኩላችሁ። ኩኒያር ሃምሳ ስምንት ኪሎሜትር ብቻ የሚሄድ አጭር ወንዝ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካሬ ኪሎሜትር ላይ የዘነበውን ይሰበስባል፤ ሦስት ክንድ አለው። ታችኛው ክንድ የሜዳውን ውሃ ያመጣል፤ ቀዩ ክንድ የኮረብታውን፤ ላይኛው ክንድ ደግሞ ከሜልሜዱ ሻይ እርሻ ጀርባ የሚወርደውን የተራራ ውሃ። አሸዋውን ጠርጎ ባሕሩን መግፋት የሚችል ጉልበት ያለው ላይኛው ክንድ ነው። ስለዚህ በሜልሜዱ የዝናብ መለኪያ በሁለት ቀን ከመቶ ሰማንያ ሚሊሜትር በላይ ከተመዘገበ፣ ውሃው ከአሥራ አራት ሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ስለሚደርስ ያን ጊዜ ቁረጡ፤ በሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ያለው የድሮ የውሃ ምልክት እስኪሸፈን አትጠብቁ አልኩ። ከዚህ ውስጥ ስህተቱ የቱ ላይ ነው?

የእኔ ደብዳቤ አካፋ አልያዘም። በሩን የቆረጠው ሰው እጅ ነው።

ሦስት ቁጥር ላክልኝ፦ መለኪያው የመዘገበውን፣ በሩ የተቆረጠበትን ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት ውሃው ከድንጋዩ ምልክት ምን ያህል እንደራቀ። ከዚያ በኋላ ያን ዓረፍተ ነገር ትሰርዛላችሁ። የአባቴ ስም በዚያ የቃለ ጉባኤ መጽሐፍ ውስጥ አርባ ዓመት በክብር ተጽፏል።

ኢፔን


ኩኒካራ፣ ኦገስት 2 ቀን 1988

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለኢፔን አቻየን፤

ይህች ወረቀት ባሕር ተሻግራ በሙሉ ጤና ታግኝዎት። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ የአሌያማ ጉልበት ብቻ ከዝናቡ ጋር ይመጣል፣ ከዝናቡ ጋር ይሄዳል። ትልቋ ልጄ የነርስነት ፈተናዋን አልፋለች። «የሙስካቱ አጎቴ ከሰማ ውጤቱን በአሥርዮሽ ካልነገራችሁኝ ይላል» ብላ ስላሾፈችብዎት ይኸው፦ ሰባ አንድ ነጥብ አራት።

ደብዳቤዎን አነበብኩና አፈርኩ። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት ሰዎች ጠረጴዛውን ከበው እያንዳንዱን ቃል እየተቆጣጠሩ ነው። ሌላ ቢሆን ቀስ ብዬ አለዝበው ነበር። ግልባጩን ለእርስዎ መላክ ግዴታዬ መሰለኝ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ።

የጠየቁኝ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። መለኪያው በሁለት ቀን 204 ሚሊሜትር መዝግቧል፤ የሻይ እርሻው ጸሐፊ በቴሌግራም አሳውቆናል። አሥራ አራቱን ሰዓት ቆጥረን፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተቆረጠ። ውሃው ከድንጋዩ ምልክት አንድ ስንዝር በታች ነበር።

እንደሚያውቁት የመጀመሪያው አካፋ የቴቫን ነው። አምስት ትውልድ የዚያ ቤተሰብ አካፋ አሸዋውን ሳይነካ የሌላ ሰው አካፋ ነክቶት አያውቅም፤ ለዚህም ጎጆው አሸዋው ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ዓሣም የእሱ ነው። ዘንድሮ ትንሽ አንገራግሮ ነበር። በኋላ ግን ቆረጠ። ውሃው እስከ እኩለ ቀን ወጣ። ከሰዓት በኋላ ፍጥነቱ ሞተ፤ ዕለቱ ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ስለነበር ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ተመለሰና በዚያው በር ገባ። በሩን ለመድፈን አንድ መቶ ሰው ጆንያ ይዞ ወረደ፤ አልሆነም። በአምስተኛው ቀን ቡቃያው የተቃጠለ ሣር መስሎ ተኛ። ሰዉ አሁን ካሳቫ እየበላ ነው፤ የሩዝ ዘር ከደቡብ እናስመጣለን።

ስለ ቃለ ጉባኤው፣ ኮሚቴው እንደገና እንዲያየው አደርጋለሁ። እባክዎ አይቆጡ።

ታናሽ ወንድምዎ ፑኑስ


ሙስካት፣ ኦገስት 14 ቀን 1988

ውድ ፑኑስ፤

ለአንተና ለቤትህ ሰላምና በረከት ይብዛ። ልጅህን እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ፤ አሥርዮሹን ስላልረሳች ከውጤቱ በላይ ደስ ብሎኛል።

ቁጥሮችህን መረመርኩ። 204 ሚሊሜትር ከበቂ በላይ ነው። ሰዓቱም ትክክል ነው። እንግዲህ ውሃው መጥቷል ማለት ነው፤ የመጣ ውሃ ካልወጣ ደግሞ ያልወጣበት ምክንያት በሩ ላይ መፈለግ አለበት። አሸዋ ሲቆረጥ የመጀመሪያው ቦይ ሰፊ ካልሆነ ወንዙ ግራና ቀኙን መጥረግ አይችልም። አንተ ራስህ «ትንሽ አንገራግሮ ነበር» ብለህ ጽፈሃል። ያልፈለገ እጅ ጠባብ ነው የሚቆርጠው። ለእኔ ነገሩ በዚህ ተፈቷል።

ቴቫንን አውቀዋለሁ። እኔ ገና ሱሪ ሳልታጠቅ እሱ አባቱ ጎን አካፋ ይዞ ይቆም ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በቁጥር አያምንም፤ በቁጥር የማያምን ሰው ቁጥር እንዲከሽፍ ይፈልጋል። ይህን ሳትሸፋፍኑ ጻፉት። የእኔን ስም ሰርዛችሁ ባዶውን እንዳትተዉት፤ ባዶ ቦታ ሐሜት ይሞላዋል። ምክንያቱ ይጻፍ።

እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ የተስተካከለውን ግልባጭ እጠብቃለሁ።

ኢፔን


ኩኒካራ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1988

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፤

ጌታ በሄዱበት ሁሉ ጥላ ይሁንልዎ። መልሱ የዘገየው ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሁለቱንም ጊዜ ሳይስማማ ስለተበተነ ነው። በሦስተኛው ተስማማ። አዲሱ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የባሕሩ በር በወቅቱ የተቆረጠ ቢሆንም፣ ቆራጩ ቴቫን በቸልተኝነት ጠባብ አድርጎ ስለቆረጠው የወንዙ ውሃ ሊወጣ አልቻለም፤ ጨውም ገባ።» የእርስዎ ስም የለበትም።

ስፋቱን በዕለቱ ማንም አልለካም። እርስዎ ጠባብ መሆን አለበት ስላሉ ጠባብ ነበር ብለን ጻፍን። ደብዳቤዎን ለኮሚቴው ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

አንዴ እንዲህ ከተጻፈ የቀረው በራሱ መጣ። ስልሳ ሦስት ቤተሰብ ቁጣውን የሚያሳርፍበት ሰው ይፈልግ ነበር። የመጀመሪያው አካፋ ከቴቫን ቤት ተወሰደ፤ ለማን እንደሚሰጥ ገና አልተወሰነም። ጎጆውም ከዚሁ መብት ጋር የተሰጠ ስለሆነ ከዲሴምበር 31 በፊት እንዲለቅ ተነገረው። ቴቫን ቢሮ መጣ፣ በአውራ ጣቱ ፈረመ፣ ጣቱን በግንባሩ ላይ ጠረገና ወጣ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም።

ሚስቱ ቺሩታ ግን እኔ በሌለሁበት ቤት መጥታ ነበር። ለእነሱ ወገን በተለመደው የጓሮ በር አልገባም ብላ ዝናቡ ላይ ቆማ ለአሌያማ እንዲህ አለቻት፦ «እመቤቴ፣ ባሌ አርባ ክረምት ቆርጧል። ጠባብ ነው ያሉት ሰዎች የለኩት ከሙስካት ሆነው ነው?» አሌያማ ይህን ከነገረችኝ ወዲህ እራት ስታቀርብልኝ ሳህኑን አስቀምጣ ትሄዳለች።

ሌላ አንድ ትንሽ ጉዳይ። የትምህርት ቤታችን መምህር እርስዎ የሳሉትን የወንዙን ካርታ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ እያሳየ ልጆቹን ሲያስተምር፣ ልጆቹ የላይኛውን ክንድ ምንጭ ማየት አለብን አሉ። ከሜልሜዱ በየት በኩል እንደወጡና ተረተሩን በየት እንደተሻገሩ በአጭሩ ቢጽፉልን ደስ ይለናል። በእግርዎ የሄዱበት ስለሆነ ከእርስዎ የተሻለ የሚነግረን የለም።

ታናሽዎ ፑኑስ


ሙስካት፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1988

ውድ ፑኑስ፤

እንደምን ከረማችሁ። ግልባጩ ደርሶኛል። ስፋቱን ማንም አልለካም የሚለውን ባትጽፍልኝ እመርጥ ነበር፤ ከተጻፈ ግን ተጽፏል። ጎጆውን እንዲያስለቅቁት አልጠየቅሁም። ይህን መዝግብ፤ አልጠየቅሁም።

ስለ መንገዱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። የሻይ እርሻው መንገድ ተቀይሮ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው አይጠቅማችሁም። ልጆቹን በዚህ ወራት ወደዚያ መውሰድ ደግሞ አደገኛ ነው፤ አልቅቱ ብዙ ነው። ይቅርባቸው።

ጠዋቱን እንደገና ንገረኝ። ውሃው ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? ቴቫን ሲያንገራግር ያለውን ቃል በቃል እፈልጋለሁ። «ትንሽ አንገራገረ» ቃል አይደለም። አፉ ምን አለ? አንተስ ምን መለስክለት?

ኢፔን


ኩኒካራ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1988

አቻየን፤

ሰላምታዬን ረጅም ላድርገው ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ደህና ይሁኑ፤ ይህን ሲያነቡም ተቀምጠው ይሁን።

በመጀመሪያ የጠየቁኝን። ያን ጠዋት ውሃው ቀይ ነበር፤ ሸክላ የነካው ዓይነት። ቴቫን ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ ዘገነና አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጌታዬ፣ ይህ የሜዳውና የኮረብታው ውሃ ነው። የተራራው ጥቁር ነው፣ የቀርከሃ ቅጠል ይዞ ነው የሚመጣው። አንድም ቅጠል የለበትም። ድንጋዩ ይሸፈን፤ ሁለት ቀን ይስጡኝ» አለኝ።

ሰዉ ሁሉ ይሰማ ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ከኪሴ አወጣሁና፣ አሥራ አራት ሰዓት የሚለውን አንብቤ፣ «ቴቫን፣ አንተ ቅጠል ትቆጥራለህ፣ አቻየን ኪሎሜትር ይቆጥራል፤ የማንን እንስማ?» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ካልቆረጥክ የእኔ አካፋ ይቀድማል ብዬም ጨመርኩበት። ይህ ለዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ቆረጠ። ስፋቱ ሁልጊዜ የሚቆርጠው ነበር፤ ሁለት ክንድ ተኩል። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። በኮሚቴው ስብሰባ ግን ዝም አልኩ፤ የታዳትል ቤት ስም ከመጽሐፉ ላይ እንዲነሳልን ስለፈለግሁ።

ይቅርባቸው ብለው ስለ ልጆቹ የጻፉት ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ እርስዎ ምንም ጥያቄ ሳይመልሱ አልፈው እንደማያውቁ አሰብኩ። ኦክቶበር 22 ቀን ብቻዬን በአውቶቡስ ሜልሜዱ ወጣሁ።

የሻይ እርሻው ጸሐፊ አሩል የሚባል ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። መለኪያውን አሳየኝ፤ ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተተክሏል። ከጀርባው አንድ ጅረት ይወርዳል። ይህ የላይኛው ክንድ መጀመሪያ ነው ወይ አልኩት። ሰውየው ሻዩን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይህ ውሃ የእናንተ ሆኖ አያውቅም። ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፣ ቫታያር ወንዝ ይገባል። የእናንተ ተራራ ከዚህ ማረፊያ በረንዳ ላይ ያልቃል» አለኝ።

አላመንኩትም። ጅረቱን ይዤ ሁለት ሰዓት ወረድኩ። እውነቱን ነው። የሁለቱን ወንዞች ውሃ የሚለየው ተረተር ከመለኪያው በስተ ኋላ ሳይሆን በስተ ፊት ነው የሚያልፈው። በእርስዎ ካርታ ላይ ሰማያዊ የተቀባው ያ ቦታ ሁሉ፣ የቀርከሃው ጫካ፣ ሁለቱ ፏፏቴዎች፣ የሌሎች ሰዎች ወንዝ ነው። በቴሌግራም የመጣልን 204 ሚሊሜትር የጎረቤት ዝናብ ነበር። በእኛ በኩል ባለው ኮረብታ በእነዚያ ሁለት ቀናት የዘነበው የዚያን ሲሶ እንደማይሞላ አሩል ነገረኝ፤ ደመናው ተረተሩን ሲሻገር ይደክማል።

ቴቫን ያለው የቀርከሃ ቅጠል ከቀዩ ክንድ ራስ ላይ ካለች ትንሽ ሸለቆ የሚመጣ ነው። ውሃዋ ዘግይታ ነው የምትወርደው። እሱ የሚጠብቀው እሷን ነበር።

ልሰናበተው ስል አሩል የቤተሰባችንን ስም ሰምቶ የድሮውን የእንግዶች መዝገብ አወጣልኝ። ጁላይ 1957። የእጅ ጽሕፈትዎ አልተለወጠም፦ «ኢፔን ታዳትል፣ ተማሪ። አራት ቀን ሙሉ ዘነበ፤ ከማረፊያው ሳልርቅ ተመለስኩ። መስተንግዶው ግሩም ነው፤ የካሮም ጨዋታ ሲጫወቱ ግን የሥራ አስኪያጁን እጅ ይመልከቱ።»

መዝገቡን ዘጋሁት። ለማንም አልነገርኩም፣ ለአሌያማም ቢሆን። አቻየን፣ ዝም በል ካሉኝ ዝም እላለሁ። እስካሁንም ያደረግሁት እሱኑ ነው።

ፑኑስ


ሙስካት፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1988

ፑኑስ፤

ዝም አትበል።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሆነ። መጀመሪያ የጻፍኩልህ መልስ «በወቅቱ የነበሩት ካርታዎች ጥራት ጉድለት ነበረባቸው» ብሎ ይጀምር ነበር። ቀደድኩት። ይህኛው የሆነውን እንደሆነው ይናገር።

በ1957 ሜልሜዱ ስደርስ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ወደ ተረተሩ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄድኩ። ዝናቡ ፊቴን ይገርፈኛል፣ አልቅት ካልሲዬ ውስጥ ገብቷል፣ ከፊቴ ያለው ጭጋግ ብቻ ነው። ተመለስኩ። በቀሩት ቀናት በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሻይ እየመጣልኝ፣ መስመሩን በስስ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ከመለኪያው በስተ ኋላ ባለው ጫፍ ላይ አሳለፍኩት። ለምን እዚያ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። እዚያ ሲሆን ወንዛችን ያምር ነበር። ቫታያር ሁልጊዜ ከእኛ ይበልጥ ነበር፤ ጀልባው ትልቅ፣ ድልድዩ ብረት። አንድ ጊዜ እንኳ የእኛ ተፋሰስ ሰፋ ብሎ ቢታይ ብዬ ይሆናል። ወይም ሰንፌ ነው። ሁለቱም ይመስሉኛል፤ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም። በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ «ጸሐፊው ተረተሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ተጉዞበታል» ብዬ ጻፍኩ። ሜዳሊያ ሰጡኝ። አባቴ ሜዳሊያውን ሳሎን ሰቀለው፤ ካርታው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ መስመሩን ራሴም አመንኩት። ሰው በራሱ እጅ የሳለውን ቶሎ ያምናል።

እዚህ አገር ሃያ ዓመት ወጣቶችን አሠልጥኛለሁ። ያልረገጣችሁትን መስመር አትሳሉ እላቸዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ቀያሽ ያልወጣበትን ሸለቆ ከፍታ ገምቶ ስለጻፈ ከሥራ አስወጣሁት። ሁለት ልጆች ነበሩት። ፊቱን አላየሁትም፤ ደብዳቤውን በጸሐፊ ነው የላክሁለት።

ከዚህ የሚብሰውን አሁን እጽፋለሁ፤ በስብሰባው ላይ ስታነብ ይህን አንቀጽ እንዳትዘል። ጁላይ ላይ ስጽፍልህ አላውቅም ነበር፤ በቅንነት ነበር የተቆጣሁት። ኦገስት ላይ ግን «ከምልክቱ አንድ ስንዝር በታች» የሚለውን ሳነብ ገባኝ። በተራራ ላይ ያን ያህል ዘንቦ ውሃው ምልክቱን ካልነካ፣ ያ ተራራ የእኛ አይደለም ማለት ነው። ይህን ለመረዳት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም፤ ሥራዬ ነው። ከዚያ ብዕሬን አንስቼ ጠባብ ቆርጦ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስፋቱን ሳላውቅ፣ ማንም እንዳልለካው እየጠረጠርኩ፣ መልስ ሊጽፍ የማይችል ሰው መረጥኩ። አዛውንቱ ቴቫን በአውራ ጣታቸው የፈረሙት በእኔ ውሸት ላይ ነው።

አንተንም አልምርህም። ስፋቱን አይተህ ዝም ብለሃል፤ ሰው ፊት አሹፈህባቸዋል። ግን አንተ ያሾፍከው የእኔን ወረቀት ይዘህ ነው፤ እኔም የቆምኩት ከሳቁባቸው ጋር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ታደርጋለህ። ይህን ደብዳቤ ለሙሉ ኮሚቴው፣ ስልሳ ሦስቱም ቤተሰብ ባሉበት፣ በሙሉ ታነባለህ። ፍሬ ነገሩን ነግረህ እንዳታልፍ። ሁለቱም የቀደሙ ጽሑፎች ይሰረዙና በምትካቸው እንዲህ ይጻፍ፦

«የባሕሩ በር ያለጊዜው የተቆረጠው ኢፔን ታዳትል በ1957 ሳይረግጠው በሳለው ሐሰተኛ የተፋሰስ መስመር ምክንያት ነው። ቆራጩ አቶ ቴቫን እንዳይቆረጥ ተናግረዋል፤ ትክክል ነበሩ፤ ተገደው ቆረጡ፤ ስፋቱም እንደ ወትሮው ነበር። ኢፔን ታዳትል ስህተቱን ካወቀ በኋላ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ አላክኳል።»

ከዚህ አንድ ቃል እንዳትቀንሱ። የመጀመሪያው አካፋና ጎጆው ወደ አቶ ቴቫን ቤት ይመለስ። መለኪያ በእኛ በኩል፣ በቀዩ ክንድ ራስ ላይ ይተከል፤ ቦታውን እሳቸው ያሳዩ። ካርታው ከቤተ መጻሕፍቱ ይውረድ። የኩኒያር ተፋሰስ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሳይሆን አንድ መቶ ሰባ አንድ ካሬ ኪሎሜትር መሆኑን መምህሩ ለልጆቹ ይንገር፤ የቀረው አርባ አንዱ የማን እንደሆነና ማን እንደሰረቀውም ጭምር። ሜዳሊያውን ለሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ በዛሬው ፖስታ ጽፌያለሁ፤ ወንድሜ ከሳሎን አውርዶ እንዲመልስ ነግሬዋለሁ።

ለአቶ ቴቫን የይቅርታ ደብዳቤ ልጽፍ ብዬ አልቻልኩም። ማንበብ ለማይችል ሰው ይቅርታ መጻፍ አንተ ፊታቸው ቆመህ በጥሩ ድምፅ እንድታነብልኝ ማድረግ ነው። በጃንዋሪ እረፍት እመጣለሁ፤ ጎጆው ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በሩን ቢዘጉብኝ ተዘግቶ ይቆያል። ያ የእሳቸው መብት ስለሆነ አንተ መሀል ገብተህ እንዳታስታርቀን።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ አቶ ቴቫንና ቺሩታ እንዲገኙ ታደርጋለህ፤ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሲያበቃ የሚሉትን ትጽፋለህ። ስድብም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን፣ ዝም ቢሉም ስንት ደቂቃ ዝም እንዳሉ ትጽፋለህ። አታለዝበው፤ ልማድህን አውቀዋለሁ። ከእሱ ጋር ዘጠኙም የኮሚቴ አባላት የፈረሙበትን የአዲሱን ቃለ ጉባኤ ግልባጭ፣ ጎጆውም እንደተመለሰ የሚገልጽ ማረጋገጫ አያይዝ።

ጎጆውን የሚለቁበት ቀን የተባለው ዲሴምበር 31 ሳይደርስባቸው፣ መልሱ በጽሑፍ እስከ ዲሴምበር 22 ቀን 1988 በእጄ ይግባ።

ኢፔን ታዳትል